የሥራ ቦታ አንትሮፖሎጂስት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የመሥሪያ ቤት ባህልን፣ ፆታንና ዲዛይንን ስለሚያጠና አንትሮፖሎጂስት ሥራ ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንትሮፖሎጂስት ቢሮ ውስጥ ምን ይሠራል?

ያያል፣ ይሰማል፣ ይጽፋል። ባጭሩ ይኸው ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይቀመጥና ሥራው በእርግጥ እንዴት እንደሚሠራ ይከታተላል። ችግር ሲፈጠር መጀመሪያ የሚደወለው ለማን ነው? ስብሰባ ላይ የተወሰነው ኮሪደር ላይ እንዴት ይቀየራል? ማን ሲናገር ሰዉ ስልኩን ያስቀምጣል?

መመሪያው ላይ የተጻፈው አሠራርና ሰዉ በተግባር የሚሠራበት አሠራር ብዙ ጊዜ ለየቅል ናቸው። ሰዉ እየዋሸ አይደለም። "ፎርሙን ሞልቼ ለኃላፊ እልካለሁ" የምትል ሠራተኛ የምትናገረው ከልቧ ነው። አጠገቧ ቁጭ ብሎ ለሚያያት ግን ፎርሙን ከመላኳ በፊት ሁለት ቦታ ደውላለች፣ ዳር ላይ በእርሳስ አንድ ስም ጽፋለች፣ "እንዲህ ከሄደ ይመልሱታል" ብላ ቀኑን አስተካክላለች። ብትጠየቅ ይህን አታነሳውም። ለሷ እንዲሁ የሚደረግ ነገር ነው እንጂ ሥራ ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። የኛ ሥራ የሚጀምረው እዚያ ጋ ነው።

አንትሮፖሎጂስት አጥንት የሚቆፍረው አይደለም እንዴ?

የሚቆፍሩም አሉ፤ እነሱ የጥንቱን የሰው ዘር የሚያጠኑት ናቸው። እዚህ የምናወራው ስለ ባህል አንትሮፖሎጂ ነው። አንትሮፖሎጂስቱ ብሮኒስላቭ ማሊኖውስኪ በ1910ዎቹ አጋማሽ ፓስፊክ ውቅያኖስ ውስጥ ባሉት የትሮብሪያንድ ደሴቶች ላይ ድንኳን ተክሎ ከነዋሪው ጋር እየኖረ ያጠና ነበር። የዛሬው አንትሮፖሎጂስት ደግሞ ወንበር ስቦ ሂሳብ ክፍል፣ መጋዘን ወይም የሶፍትዌር ድርጅት ውስጥ ይቀመጣል። ቦታው ተቀየረ እንጂ መንገዱ ያው ነው።

መጠይቅ መበተን አይቀልም?

ይቀላል፣ ወጪውም ያንሳል። ለአንዳንድ ጥያቄም በቂ ነው። ስንት ሰው ከቤት መሥራት ይፈልጋል ለሚለው ሰው አጠገብ ወር ሙሉ መቀመጥ አያስፈልግም።

ችግሩ መጠይቅ የሚመልሰው አውጪው የጠየቀውን ብቻ መሆኑ ነው። አውጪው ያላሰበው ነገር ወረቀቱ ላይ የለም፤ ወረቀቱ ላይ የሌለ ደግሞ ውጤቱ ላይ አይመጣም። በዚያ ላይ ሰዉ መልሱ አለቃ ዘንድ እንደሚደርስ ያውቃል። "በሥራዎ ደስተኛ ነዎት?" ለሚለው ከአምስት አራት ሰጥቶ በዚያው ሳምንት ሌላ መሥሪያ ቤት ማመልከቻ የሚያስገባ ሞልቷል።

ከኤችአር (የሰው ኃይል አስተዳደር) ሠራተኛ ወይም ከማኔጅመንት አማካሪ በምን ይለያል?

ኤችአር ሕግና ደንብ ያስከብራል፣ ይቀጥራል፣ ያሰናብታል። ሠራተኛው ይህን ስለሚያውቅ በኤችአር ፊት ቁጥብ ይሆናል። አማካሪ ደግሞ ብዙ ጊዜ መፍትሔውን በእጁ ይዞ ነው የሚመጣው። አንትሮፖሎጂስት የሚመጣው ጥያቄ ይዞ ነው፤ ጥያቄው ራሱ መሃል ላይ ሊቀየርም ይችላል። ይሄ አሠሪዎችን በጣም ያናድዳል። "ሠራተኛው አዲሱን ሲስተም ለምን አይጠቀምም?" ብለው ቀጥረውት "ሲስተሙ የተሠራው እዚህ ለማይሠራ ሥራ ነው" የሚል መልስ ይዞ ይመጣል።

ይህ ሥራ መቼ ተጀመረ?

ብዙዎች ከሃውቶርን ጥናት ይጀምራሉ። ከ1924 እስከ 1932 ቺካጎ አጠገብ በነበረው ሃውቶርን በተባለው የዌስተርን ኤሌክትሪክ ፋብሪካ ተመራማሪዎች ምርት የሚጨምረው ምን ቢደረግ እንደሆነ ሲፈትሹ ነበር። መጨረሻው አካባቢ የምክር እጁን ያስገባው አንትሮፖሎጂስቱ ሎይድ ዋርነር ነው፤ ከዚያ በፊት አውስትራሊያ ውስጥ የአገሬውን ተወላጆች ሲያጠና ቆይቷል። እንደዚያው ዓይነት ምልከታ ፋብሪካው ውስጥ ይደረግ ተባለ። 14 ወንዶች የስልክ መሣሪያ ሽቦ የሚያስሩበት ክፍል ተመረጠ። ሰዎቹ በቀን ይህን ያህል ይበቃል የሚል የራሳቸው ልክ ነበራቸው። ከልኩ አልፎ የሚሮጥን ባልደረባ ክንዱ ላይ በቡጢ መታ ያደርጉታል። ይህ የትኛውም መመሪያ ላይ አልተጻፈም።

ከዚህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚዘለል አንድ ነገር አለ። ከዚያ ቀደም የተጠኑት ሪሌ የሚባለውን የስልክ መሣሪያ ክፍል የሚገጣጥሙ ጥቂት ሴቶች ነበሩ። ምርታቸው ጨመረ፣ ስማቸውም ገነነ። መሃል ላይ ግን ሁለቱ ወሬ አበዙ፣ አልተባበሩም ተብለው በሌሎች ተተክተዋል። ወንዶቹ ልክ አበጅተው ሲያለግሙ በቦታቸው ቆዩ፤ ሴቶቹ ሲያወሩ ተነሱ። በኔ እይታ በሥራ ቦታ ጥናት ውስጥ የፆታ ጥያቄ መነሳት የነበረበት ያኔውኑ ነው።

ሁለተኛው ትልቅ ምዕራፍ የፎቶ ኮፒ ማሽን አምራቹ ዜሮክስ ካሊፎርኒያ ውስጥ የነበረው የምርምር ማዕከል ነው። አንትሮፖሎጂስቷ ሉሲ ሰችማን በ1970ዎቹ መጨረሻ እዚያ ገባች። ዘመናዊ የተባለ ፎቶ ኮፒ ማሽን ነበር፤ ተጠቃሚው ግን ከበደኝ እያለ ያማርራል። እሷ ሰዎች ጥንድ ጥንድ ሆነው ማሽኑን ሲጠቀሙ በቪዲዮ ቀረጸች። ጥንድ የሆኑት ያለ ምክንያት አይደለም፦ ሁለት ሰው ሲሆን ግራ መጋባቱ በንግግር ይወጣል። ከተቀረጹት መካከል በኮምፒውተር ሳይንስ ስማቸው የገነነ ተመራማሪዎችም ነበሩ። ማሽኑ ፊት ቆመው "አሁን ደግሞ ምን ፈለገ?" የሚል ፊት ነው የሚታይባቸው። ታዲያ ችግሩ የተጠቃሚው አለማወቅ ነው ማለት አልተቻለም። ማሽኑ የሚያውቀው አስቀድሞ የተጻፈለትን እቅድ ነው፤ ሰው ደግሞ የሚሠራው ፊቱ ባለው ሁኔታ ላይ እየተመራ ነው።

ጥናት ላይ ያለ ሰው ቀኑን እንዴት ያሳልፋል?

አብዛኛው አሰልቺ ነው፤ መደበቅ አያስፈልግም። ጠዋት ሥራ ሳይጀመር ይደርሳል። አንድ ሠራተኛ ተከትሎ ይውላል። ማስታወሻው ላይ ሰዓት፣ ቦታ፣ ማን ምን አለ፣ ማን ሳቀ፣ ማን ዝም አለ ይጽፋል። ማታ ያንን በሙሉ ዓረፍተ ነገር እንደገና ይጽፋል። የአንድ ሰዓት ምልከታ ብዙ ሰዓት መጻፍ ይጠይቃል። ሲያድር የሚጻፍ ማስታወሻ ግማሹ ይጠፋል፣ ግማሹ ደግሞ ራሱ ይፈጠራል።

ምሳ ሰዓት ዕረፍት አይደለም። አንትሮፖሎጂስቱ ጁሊያን ኦር የዜሮክስ የጥገና ቴክኒሻኖችን ሲያጠና ዋናውን ነገር ያገኘው አብረው በሚበሉበትና በሚያወሩበት ጊዜ ነው። ኩባንያው ጥገና ማለት መመሪያውን ተከትሎ መሥራት ነው ብሎ ያምን ነበር። ቴክኒሻኖቹ ግን መመሪያው ላይ የሌለ ብልሽት ሲያጋጥማቸው የሚድኑት "እኔም እንዲህ ያለ ጉድ ገጥሞኝ ነበር" በሚል ወሬ ነው። ዜሮክስ በ1990ዎቹ ቴክኒሻኖች የራሳቸውን መላ ለባልደረባ የሚያካፍሉበት ዩሬካ የተባለ ሲስተም ዘረጋ። ሥራ ፈትቶ እንደማውራት ይታይ የነበረው ነገር ሥራው ራሱ ሆኖ ተገኘ።

ሰዎች እየታዩ መሆኑን ካወቁ ጠባያቸውን አይቀይሩም?

ይቀይራሉ። የመጀመሪያው ሳምንት ሁሉም ጨዋ ነው። ግን ሥራ አለ፣ ስልክ ይጮሃል፣ ደንበኛ ይቆጣል። ሰው ሥራ በዝቶበት ለረጅም ጊዜ ማስመሰል አይችልም። ደግሞም ሰዉ ሲያስመስል ምን እንደሚያስመስል ማየት ራሱ መረጃ ነው። አለቃ ሲገባ የሚዘጋው የትኛው ስክሪን ነው? እኔ ስመጣ የሚነሳውስ ወሬ የትኛው ነው? ጥሩ የባህሪ ልክ ተደርጎ የሚታየው ምን እንደሆነ ከዚህ ይታወቃል።

ፆታን ከሥራ ቦታ ባህል ጋር ምን አገናኘው?

አንድ ተራ ስብሰባ እናስብ። ስምንት ሰው አለ፣ ሁለቱ ሴቶች ናቸው። "ቃለ ጉባኤ ማን ይይዛል?" ይባላል። ማንም ማንንም አላዘዘም። ሁለት ሦስት ሰከንድ ዝምታ አለ። ከዚያ ሰዉ ቀና ይላል፤ ዓይኑ የሚያርፈው አንዷ ላይ ነው። እሷም "እሺ እኔ" ትላለች። እጇ ሲጽፍ ስለሚውል በክርክሩ ብዙም አትገባም። በዓመቱ መጨረሻ የሥራ ግምገማዋ ላይ "ተሳትፎዋ ቢጨምር" የሚል ይጻፍባታል። ቃለ ጉባኤው ግን የትም አልተቆጠረላትም።

ይሄ የግምት ወሬ አይደለም። የኢኮኖሚ ተመራማሪዋ ሊንዳ ባብኮክና ባልደረቦቿ በሙከራ እንዳሳዩት ለዕድገት የማይጠቅም ሥራ ሲመጣ፣ ሴትና ወንድ በተቀላቀሉበት ቡድን ውስጥ ሴቶች ይበልጥ እሺ ይላሉ፤ የሚጠየቁትም ይበልጥ እነሱ ናቸው። ወንዶች ብቻ በሆኑበት ቡድን ግን ወንዶቹም ይሠሩታል። ስለዚህ ነገሩ የሴት ተፈጥሮ አይደለም። ክፍሉ ውስጥ ያለው ሁሉ እሷ ታደርገዋለች ብሎ ስለሚጠብቅ ነው።

ሶሺዮሎጂስቷ አርሊ ሆክሽልድ ደግሞ በ1983 ስለ አየር መንገድ አስተናጋጆች ስትጽፍ ፈገግታ ራሱ ጉልበት የሚጠይቅ ሥራ መሆኑን አሳየች። ተሳፋሪ ሲሰድብ ስሜትን ዋጥ አድርጎ መሳቅ ይደክማል። ክፍያ ግን "ጠባይዋ ጥሩ ነው" ተብሎ ይታለፋል። ክህሎት መሆኑ ቀርቶ ጠባይ ሲባል ደሞዝ ላይ አይደመርም። የፆታ ጥናት ትልቁ ክፍል ይሄ ነው፦ የትኛው ሥራ በስሙ ተጠርቶ ይከፈልበታል፣ የትኛውስ እንዲሁ ሲደረግ ይኖራል?

ታዲያ የምታጠኑት ሴቶችን ብቻ ነው?

አይደለም። ወንድ መሆንም ሥራ ቦታ ላይ ይማሩታል። ተመራማሪዋ ሲንቲያ ኮክበርን ለንደን ውስጥ የጋዜጣ ፊደል የሚለቅሙ ወንዶችን አጥንታለች። ከባዱንና የሚጮኸውን ማሽን በጉልበትና በረጅም ሥልጠና የሚያዝ የወንድ ሙያ አድርገው ይዘውት ነበር። ኮምፒውተር መጣና የጸሐፊ ዓይነት ኪቦርድ ፊት ቁጭ በሉ ተባሉ። ከገንዘቡም በላይ ያመማቸው ሙያው የሴት ሥራ ይመስላል የሚለው ነበር። ኪቦርዱ ፕላስቲክ ነው፤ ክብሩና ውርደቱ የመጣው ከሰው ነው።

ዲዛይን እዚህ ውስጥ እንዴት ገባ?

ዕቃና ሕንፃ የሚሠራው "ተጠቃሚው እንዲህ ያለ ሰው ነው" ከሚል ግምት ተነስቶ ነው። ግምቱ ካልተጻፈ አይፈተሽም። የመኪና ግጭት መሞከሪያውን አሻንጉሊት ውሰዱ። ለብዙ አሥርት ዓመታት መለኪያ የሆነው የመኪና አምራቹ ጄኔራል ሞተርስ በ1976 ያወጣው “ሃይብሪድ ሦስት” የተባለው አሻንጉሊት የመካከለኛ ወንድ ቁመናና ክብደት ያለው ነው። አሜሪካ ውስጥ የተደረጉ ጥናቶች ቀበቶ ያሰረች ሴት በተመሳሳይ ግጭት የመጎዳት ዕድሏ ከወንዱ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። የአሜሪካ የጠፈር ድርጅት ናሳም በመጋቢት 2019 ሁለት ሴቶች አብረው ከጠፈር ጣቢያው ውጭ እንዲሠሩ ያወጣውን መርሐ ግብር ቀይሯል፤ ለሁለቱም የሚሆነው መካከለኛ መጠን ያለው የጠፈር ልብስ የላይኛ ክፍል የተዘጋጀው አንድ ብቻ ነበር። ክሪስቲና ኮክና ጄሲካ ሜየር በጥቅምት 18 ቀን 2019 ወጥተው ሥራውን ሠርተዋል።

ዲዛይን የተደበቀ ልማድን ለመስበርም ይጠቅማል። አሜሪካ ውስጥ ኦርኬስትራዎች በ1970ዎቹና 80ዎቹ ለመቀጠር የሚፈተነውን ሙዚቀኛ ከመጋረጃ ጀርባ ማስቀመጥ ጀመሩ። አንዳንዶቹ የጫማ ድምፅ ፆታን እንዳያጋልጥ ምንጣፍ አነጠፉ። በአምስቱ ታላላቅ ኦርኬስትራዎች በ1970 ከ5 በመቶ በታች የነበሩት ሴቶች በ1990ዎቹ አጋማሽ አንድ አራተኛ አካባቢ ደርሰዋል። ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ በመጋረጃው የመጣ ነው የሚለው እስካሁን ያከራክራል፤ ሌላም የተቀየረ ነገር አለና። እኔ ግን ምንጣፉን እወደዋለሁ። ሰዉ ጫማ ሰምቶ እንደሚፈርድ የገባው አንድ ሰው እዚያ ነበር።

የቢሮ ዲዛይን ላይ ደግሞ እምነትና ውጤት ይጣላሉ። ግድግዳ ቢፈርስ ሰዉ ይነጋገራል ተባለ። ኢታን በርንስታይንና ስቲቨን ተርባን በ2018 ያወጡት ጥናት ክፍት ቢሮ የገቡ ሁለት ድርጅቶችን ሠራተኞች በሚለበስ መሣሪያ ተከታትሏል። የፊት ለፊት ንግግር በ70 በመቶ ገደማ ቀነሰ፤ ኢሜይልና ቴክስት ጨመረ። ሰው ግድግዳ ሲያጣ በጆሮ ማዳመጫ የራሱን ይሠራል።

ወደዚህ ሙያ ለመግባት ምን መማር ያስፈልጋል?

አንትሮፖሎጂ ወይም ሶሺዮሎጂ የተለመደው በር ነው። ኩባንያ ውስጥ ለመሥራት ማስተርስ ብዙ ጊዜ ይበቃል። ዩኒቨርሲቲ ለማስተማር ወይም ትልቅ የምርምር ማዕከል ለመግባት ዶክትሬት ይጠየቃል። ከዲዛይን፣ ከነርስነት ወይም ከፕሮግራሚንግ የመጡም አሉ፤ ሥራውን ከውስጥ ስለሚያውቁት አንዳንዴ ይሻላሉ። አንዳንዴ ደግሞ ስለለመዱት ማየት ያቅታቸዋል።

ከዲግሪው ይልቅ የሚያስቸግረው መጻፍና ዝም ማለት ነው። ቃለ መጠይቅ ላይ ዝምታውን ቶሎ የሚሞላ ሰው ጥሩውን መልስ አይሰማም።

ማን ይቀጥራል?

የሥራ ማስታወቂያ ላይ "አንትሮፖሎጂስት ይፈለጋል" የሚል ብዙም አታገኙም። "የተጠቃሚ ጥናት ባለሙያ"፣ "የዲዛይን ጥናት"፣ "የድርጅት ባህል" የሚሉትን ፈልጉ። የቴክኖሎጂ ኩባንያ፣ ሆስፒታል፣ ባንክ፣ የመንግሥት ተቋም፣ የመኪና አምራች ይቀጥራሉ። ሙያተኞቹ ከ2005 ጀምሮ የሚገናኙበት ኤፒክ የሚባል ጉባኤም አላቸው።

የሥራ ዝርዝሩ ግን ሁሌ ግልጽ አይደለም። አንትሮፖሎጂስቷ ጄኔቪቭ ቤል በ1998 የኮምፒውተር ቺፕ አምራቹ ኢንቴል ስትገባ ሴቶችን እንድታጠና ተነገራት። የትኞቹን ብላ ብትጠይቅ ሁሉንም ተባለች። ራሷ በአደባባይ እየሳቀች የምታወራው ታሪክ ነው። የዓለም ግማሽ ሕዝብ በአንድ ሠራተኛ ጠረጴዛ ላይ ተቀመጠ ማለት ነው።

ሰው ሠራሽ አስተውሎት ይህን ሥራ አይወስደውም?

የተቀረጸ ድምፅ ወደ ጽሑፍ መቀየሩን ወስዶታል፣ ይመችህ ነው የምንለው። ብዙ ማስታወሻ መደርደሩንም ያግዛል። ግን ሊያነብ የሚችለው የተጻፈውን ነው።

አንትሮፖሎጂስቷ ዳያና ፎርሳይት በ1980ዎቹና 90ዎቹ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ላብራቶሪዎችን ራሳቸውን አጥንታለች። ከፕሮጀክቶቹ አንዱ ማይግሬን ላለባቸው ሕሙማን መረጃ የሚሰጥ ሲስተም ነበር። ሠሪዎቹ ዕውቀቱን በዋናነት ከሐኪም ወሰዱ። ሕሙማኑ ውስጥ ውስጡን የሚፈሩት ግን ሌላ ነው፦ ራስ ምታቱ የከፋ በሽታ ምልክት ቢሆንስ፣ የሚገድል ቢሆንስ? ለሐኪሙ አይናገሩትም፤ ሐኪሙም ስላልሰማው አላስገባውም። ስለዚህ ማሽኑም አላወቀውም። ይህ ክፍተት ዛሬም አለ፣ ማሽኑ የፈጠነ ቢሆንም።

የአጥኚው ፆታ ውጤቱን አይቀይረውም?

የምታገኘውን ይቀይራል። ሴት አጥኚ ወንዶች በሚበዙበት ጋራዥ ውስጥ "ምንም አታውቅም" ተብላ ነገሩ ከሀ ጀምሮ ሊብራራላት ይችላል። ይህ ያበሳጫል፣ ለጥናቱ ግን ወርቅ ነው። ወንድ አጥኚ ደግሞ ያውቃል ተብሎ ይታለፋል፤ በምትኩ እሷ ፊት የማይወራ ቀልድ ይሰማል። ስለዚህ ሪፖርቱ ላይ ማን እንዳጠናውና ምን በር እንደተዘጋበት መጻፍ አለበት። ቢቻል ሁለት ሰው ይላክ።

ደሞዙን አለቃ እየከፈለ ለሠራተኛው ታማኝ መሆን ይቻላል?

ከባዱ ጥያቄ ይሄ ነው። የአሜሪካ አንትሮፖሎጂ ማኅበር በ1971 ያወጣው የሥነ ምግባር ሰነድ የአጥኚው የመጀመሪያ ግዴታ ለሚያጠናቸው ሰዎች ነው ይላል። የ2012ቱ ደግሞ ጉዳት አታድርስ በሚል ይጀምራል። ወረቀት ላይ ያምራል። ተግባር ላይ ግን አለቃው "እንዲህ ያለችው ማን ናት?" ብሎ ይጠይቃል።

ስም መቀየር ብቻውን አያድንም። ክፍሉ ውስጥ አንዲት ሴት መሐንዲስ ብቻ ካለች "አንዲት ሴት መሐንዲስ" ብሎ መጻፍ ስሟን ከመጻፍ አይለይም። ሶሺዮሎጂስቷ ሮዛቤት ሞስ ካንተር በ1977 እንዳሳየችው ጥቂት የሆነ ሰው ሲጀመርም ከሁሉም በላይ የሚታይ ነው፤ ጥናቱ ያንኑ ያባብሰዋል። አንዳንዴ ምርጡን ምሳሌ መጣል ግድ ይላል። ያሳዝናል፣ ግን እሷ ነገም እዚያው ነው የምትሠራው።

ሥራው ሳይጀመር ውል ላይ ሦስት ነገር ይጻፍ፦ ጥሬው ማስታወሻ የአጥኚው ነው፤ ቅጣት ወይም ቅነሳ ላይ ምስክር ሆኖ አይቀርብም፤ ሪፖርቱን ሠራተኞችም ያገኙታል። ሦስቱን የማይፈርም መሥሪያ ቤት ጥናት አይደለም የፈለገው።

አለቆቹ ግኝቱን ባይቀበሉትስ?

ብዙ ጊዜ በጨዋ ቋንቋ ነው የማይቀበሉት። "በጣም ደስ ይላል፣ ግን የተመለከታችሁት ጥቂት ሰው ነው" ይባላል። እውነት ነው፣ ጥቂት ነው። ስለዚህ ከቁጥር ጋር ማጣመር ይረዳል፦ ምልከታው ጥያቄውን ያሳያል፣ መጠይቁ ወይም የድርጅቱ የራሱ መዝገብ ስፋቱን ይነግራል። የቃለ ጉባኤውን ነገር ያየ አጥኚ የአንድ ዓመት ቃለ ጉባኤዎችን አስወጥቶ ጸሐፊዎቹ እነማን እንደነበሩ ማስቆጠር ይችላል። ይህን ለመካድ ያስቸግራል፤ ፊርማቸው አለበት።

ሌላው መንገድ አለቃውን ራሱን መስክ ማውጣት ነው። መቶ ገጽ ሪፖርት ያላሳመነው ኃላፊ ግማሽ ቀን ገንዘብ ተቀባይዋ አጠገብ ሲቀመጥ ስክሪኑ ስንት ጊዜ እንደሚደርቅ በዓይኑ ያያል። እንቢ ካለ ደግሞ እንቢታውም ማስታወሻ ላይ ይገባል።